ሕጉ ያልተነገረለት ጨዋታ
(ስለ ገና ጨዋታ በደረሱን ሦስት ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሂስ)

ባለፈው ዕትማችን «ስለ ገና ጨዋታ የምታውቁትን ጻፉልን» ብለን ጠይቀን ነበር። ሦስት ጽሑፎች ደረሱን። ቁጥሩ አነሰ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አንድ እስክሪብቶ ለአምስት ሰው በሚዞርበት ካምፕ ሦስት ጽሑፍ ጥቂት አይደለም እንላለን። ጽሑፎቹን ጮክ ብለን ያነበብናቸው በበዓሉ ዕለት ማታ በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ ለሕክምናና ለልዩ ልዩ ጉዳይ ከካምፕ የወጣን ሰዎች በምናድርባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያች ማታ የተባለውን፣ እኛም ከዚያ ወዲህ ያሰላሰልነውን እነሆ እናቀርባለን። የጸሐፊዎቹን ስም አንጠራም፤ ሂሳችን ለጽሑፉ እንጂ ለጸሐፊው አይደለምና።

ወደ ሂሱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ከአንባብያን መካከል በካምፕ ተወልደው ገናን በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። ገና የበዓሉም፣ የጨዋታውም፣ የመምቻው ዱላም ስም ነው። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ሲሆን፣ የሚመታው ከእንጨት ተጠርቦ የተድቦለቦለ ሩር ነው፤ ከጠፍር የሚሠራም አለ። የልደት በዓል በሚውልበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም አንድ ጊዜ በ28፣ መንደርተኛው ላይ ሠፈርና ታች ሠፈር ተባብሎ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ወገን ሩሯን ወደ ባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። በባላገሩ ጨዋታ ተጫዋች አይቆጠርም፤ ሜዳው በገመድ አይለካም፤ ሰዓትም አይያዝም። ሲመሽ ያበቃል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በበትራቸው ተጫወቱ፤ ገናም ከዚያ መጣ የሚል ትውፊት አለ።

ጨዋታው ቀላል አይደለም። ዱላ ቅልጥም ላይ ያርፋል፤ ሩር ጥርስ ያወልቃል። በማግስቱ ወጌሻ ቤት ወረፋ ይሆናል። ከዱላው ይልቅ የሚያምመው ግን ግጥሙ ነው። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ስድቡ ባላባት አይለይም፤ በዚያ ቀን ጌታ እንኳ መቆጣት እንደማይገባው አገሩ ሁሉ በተረት ያውቀዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ገና ሕግ የሌለው ጨዋታ ይመስላል እንጂ ሕግ አለው። ሕጉ በሕዝቡ አፍ ነው ያለው። ዛሬ ገና ከባህል ስፖርቶች እንደ አንዱ ተቆጥሮ፣ ከጉግስ፣ ከትግል፣ ከቀስትና ከገበጣ ጋር አገር አቀፍ ውድድር ሲደረግበት፣ ተጫዋቹ ተቆጥሮ፣ ሜዳው ተለክቶ፣ ዳኛ በፊሽካ ያጫውተዋል። በባላገር ግን ፊሽካው የተመልካቹ ጩኸት ነበር። «ተው!» የሚል ሕዝብ ካለ ዱላው ይቆማል። ሦስቱን ጽሑፎች የመዘንነው በዚህ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ትዝታ ነው። ጸሐፊው ስለ ትውልድ መንደራቸው ሰባት ገጽ ጽፈውልናል። ጠላው እንዴት እንደ ተጠመቀ፣ ዶሮው በስንት ብልት እንደ ተገነጠለ፣ ነጠላው እንዴት እንደ ነጣ ሁሉም አለ። ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ ምራቁን ያልዋጠ አልነበረም። ዳሩ ግን ጨዋታው ጋ ሲደርሱ «ከዚያም በኋላ ገና ተጫውተን እኛ አሸነፍን» ብለው በአንድ መስመር አለፉት። ለዶሮው ሦስት ገጽ፣ ለጨዋታው አንድ መስመር! እኒህን ጸሐፊ በትዝታ አንወቅስም፤ ትዝታ የስደተኛ ቀለብ ነው። የምንወቅሰው «እኛ አሸነፍን» ባሉት ነው። ማንን? የታች ሠፈር ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ ስም የላቸውም፣ መልክ የላቸውም፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ባላጋራ የሌለበት ድል ደግሞ ድል መሆኑ በምን ይታወቃል? ጸሐፊው ያን ጊዜ ከታች ሠፈር ማን እንደ ተሰለፈ ያስታውሳሉ ብለን እናምናለን። ከመካከላቸውም የአንዱን ፊት ቢሥሉልን ሰባቱ ገጾች ነፍስ ይዘሩ ነበር።

ሁለተኛው ጽሑፍ ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ብዕሩም ከእኛ ሁሉ ይልቅ የተሳለ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ገና ጻፍ ብንለው በካርታ ላይ የሌለ መንግሥት ፈጠረና፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ከሰባት አውራጃ የመጡ ጎበዛዝት በሩጫ፣ በትግል፣ በጦር ውርወራና በፈረስ የሚፎካከሩበትን ሜዳ ዘረጋልን። ከርእስ ወጣ ያልነው ሰው ነበር፤ እኛ ግን ገናን ሌላ ስም ሰጥቶ እንዳመጣው ተረዳን።

በተለይ የፈረሱ ግጥሚያ የሚያስደንቅ ነው። አቧራው፣ የኮርቻው መንቋቋት፣ የፈረሱ ትንፋሽ በጆሮ ይሰማል። ጉግስ ያላየ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ጉግስን በጥምቀት ሰሞን በጃንሜዳ፣ ወይም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሲያሳዩት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ፈረስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ በኋላም በአምስቱ የአርበኝነት ዘመን ለዋለው ውለታ መታሰቢያ ነው። በጉግስ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ያሳደደው ይሸሻል፣ የሸሸውም ያሳድዳል። የጉግስ ሙሉ ትርጉም በዚህች መለዋወጥ ላይ ነው። አሳዳጁ ዘንጉን ሲሰብቅ ጥቂት ቆይቶ የራሱ ጀርባ እንደሚታይ ያውቃል።

የወጣቱ ጀግና ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያሳድዳል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አይሸሽም። ሰባቱንም ግጥሚያ ያሸንፋል። የተሸነፉትም አንድ በአንድ ወደ ገደል ይወረወራሉ። የሚያሳዝነው መወርወራቸው ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ የሚመለከት አሥር ሺህ ሕዝብ ከሜዳው ዳር ቆሞ አንድም ሰው አፉን አለመክፈቱ ነው። «ተው!» ያለ የለም፤ «ይበለው!» ያለም የለም። ሕዝቡ እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድሯል።

በንባቡ ማታ ይህን ነቀፌታ ለወጣቱ ነገርነው። «ጨዋታህ ሕግ የለውም፤ መጨረሻውን አስተካክል» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። የወደቀን ሰው የሚያነሣ አላየሁም፤ ያላየሁትን እንዴት ልጻፍ?» አለን። መልስ አጣን። ይህ ልጅ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ። እሱ ያደገው በእነዚያ ዓመታት መካከል ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ታሪክህን አሳምረው» ማለት ሂስ አይደለም። ስለዚህ ያን ማታ «መጨረሻውን አስተካክል» ያልነውን ቃል እዚህ እናነሣለን፤ ተሳስተናል።

ይሁንና ሌላ የምንለው አለን። ቸኩለን ስላልሆነ ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ምሳሌ እናምጣ። የሆሜርን ኢልያድ ያነበባችሁ በ23ኛው መጽሐፍ ያለውን የውድድር ሜዳ ታስታውሳላችሁ፤ ላላነበባችሁ እንንገራችሁ። አኪለስ የሚባለው ጀግና ወዳጁን ፓትሮክለስን በጦርነት ያጣል። ገዳዩን ሄክቶርን ይገድላል፤ በዚያም አይበቃውም፤ ሬሳውን ከሠረገላው ኋላ አስሮ በአፈር ላይ ይጎትታል። ይህ ሰው ነው ለወዳጁ መታሰቢያ ውድድር የሚያዘጋጀው። ታዲያ በውድድሩ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። በሠረገላ እሽቅድምድም አንቲሎኮስ የተባለው ወጣት በጠባብ መንገድ ላይ ሜኔላዎስን በተንኰል ይቀድመዋል። ሜኔላዎስ «ተንኰል አልሠራሁም ብለህ ማል» ሲለው ወጣቱ መማል አቅቶት የተሸለማትን ባዝራ ይመልስለታል፤ ሜኔላዎስም በተራው ልቡ ይራራና ባዝራዋን መልሶ ይሰጠዋል። አያክስና ኦዲሴዩስ ሲታገሉ አንዱም አልሸነፍ ሲል አኪለስ «በቃችሁ፤ ሁለታችሁም አሸንፋችኋል» ይላል። አያክስና ዲዮሜድስ ደግሞ ጋሻና ጦር ይዘው ሲጋጠሙ፣ አያክስ ሊሞት ነው ብሎ የፈራው ሠራዊት ራሱ ጮኾ ያስቆማቸዋል። በእሽቅድምድሙ ሠረገላው ተሰብሮበት መጨረሻ ለወጣውም፣ ከእርጅና የተነሣ መወዳደር ለማይችለው ለሽማግሌው ለኔስቶርም ሽልማት አለ።

ሆሜር የጻፈው የጭካኔ መጽሐፍ ነው። ሬሳ መጎተቱን አልደበቀም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ደም መካከል «በቃ» የሚባልበትን ሜዳ ስላሳየን፣ ከሜዳው ውጭ የሚሠራው ግፍ ግፍ መሆኑ ይታየናል። ወጣቱ ጸሐፊ ሆይ፣ የምንልህ ይህን ነው። ተሸናፊዎቹ በገደል ይወርወሩ፤ ያየኸውን ጻፍ። ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በነበረ አንድ ዓመት፣ በዚያ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ይነሣ እንደነበር አሳየን። ከአሥሩ ሺህ መካከል አንዲት አሮጊት ያን ዘመን የምታስታውስ አቁምልን። ሕጉ ያልተነገረ እንደሆነ መጣሱም አይታይም። ሕግ ኖሮት የማያውቅ ሜዳ ላይ የተጣለ ሰው ለአንባቢ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህም በልብ ወለድ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሱሪ ጎልማሶች ዶንጋ የሚባል የዱላ ግጥሚያ አላቸው። ምቱ የሚያደማ ነው፤ ቢሆንም ባላጋራን መግደል ክልክል ነው፤ ዳኞችም አሉት። አውቶማቲክ ጠመንጃ በአካባቢው ከበዛ ወዲህ ግን ያ ጥንታዊ ወሰን እንደ ተናጋ ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ስለ ዶንጋ የሚጽፍ ሰው ክልከላውን ሳይነግረን ጥይቱን ብቻ ቢነግረን ምን እንደ ጠፋ አናውቅም ነበር።

ሦስተኛው ጽሑፍ ከሁሉ አጭር ነው፤ አንድ ገጽ ከግማሽ። የጻፈችው በገና ሜዳ ላይ ዱላ ይዛ የማታውቅ እናት ናት። ሴቶች ከሜዳው ዳር ሆነው እልል ይሉ ነበርና የጻፈችውም ከዳር ሆና ያየችውን ነው። የታላቅ ወንድሟ እግር በሩር ተመትቶ ይሰበራል። የመታው የታች ሠፈር ልጅ ነው። ልጁ ዱላውን ጥሎ ይመጣና ወንድሟን በጀርባው አዝሎ ወጌሻ ቤት ያደርሰዋል። ከኋላቸው የላይ ሠፈርም የታች ሠፈርም ሰዎች ግጥም እያወጡ ይከተላሉ፤ የሚሰደበው አዛዩም ታዛዩም ነው። ወንድሟ እያቃሰተ ይስቃል። በመንገድ ላይ አዛዩ ይደክመውና ያሳርፈዋል፤ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከሦስቱ ጽሑፎች የሚበልጠው ይህ ነው እንላለን። በዚህች ገጽ ከግማሽ ውስጥ ሁሉም አለ። ዱላው አለ፣ ስብራቱ አለ፣ ስድቡ አለ፤ ሕጉ ግን በስብከት ሳይሆን በልጁ ጀርባ ላይ ታይቷል። ማን እንዳሸነፈ ጸሐፊዋ አልነገረችንም፤ እኛም ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ አልጠየቅንም። አንድ ጉድለት ግን አለባት። በመጨረሻ «ስለዚህ ወገኖቼ እንዋደድ» የሚል አሥር መስመር ጨምራለች። እታለም፣ እሱን ሰርዢው። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ልጆች ያሉትን ነገር አሥሩ መስመር አይጨምርበትም፤ ይቀንስበታል እንጂ።

እዚህ ላይ የሂሱን ጽሑፍ ልናበቃ አስበን ነበር። ነገር ግን በዚያች ማታ የሆነውን ብንደብቅ ራሳችን የነቀፍነውን ስሕተት እንሠራለን። ሦስተኛው ጽሑፍ ተነብቦ እንዳበቃ፣ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች የገና ጨዋታ በየትኛው አውራጃ ይበረታል በሚል ተከራከሩ። ክርክሩ በሣቅ ተጀመረ። ከዚያ አንዱ ስለ ሌላው አገር ሰዎች አንድ ቃል ተናገረ፤ ሌላውም መለሰ። ቃሉ የጨዋታ ቃል አልነበረም፤ የጦርነቱ ቃል ነበር። ሣቁ ቆመ። አንደኛው ሰው ጫማውን አድርጎ ወደ ጨለማው ወጣ። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ከማእዘን የተቀመጡ አንድ አባት፣ በደርግ ዘመን አገራቸውን ለቀው የወጡ ናቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ በገና ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ» አሉ። «ተሸናፊም ግጥም አለው። እናንተ የጻፋችሁት ሁሉ አሸናፊው የሚለውን ነው።» ወዲያውም እዚያው ያወጡትን ሁለት ስንኝ ሰጡን፤ ፈቅደውልን እዚህ ጻፍነው።

ሩሯን ብትወስዳትም ሜዳው የጋራችን፤
ከርሞም ገና አለ ከቆየን ሁላችን።

ስንኙ ቀላል ነው፤ ሰም የለው፣ ወርቅ የለው ሊባል ይችላል። እኛ ግን ሁለት ቃላት ላይ እንድትቆሙ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው «ከቆየን» የሚለው ነው። ተሸናፊው በቀሉን ለከርሞ ይቀጥራል፤ ከርሞ የሚደረስበት ግን በሕይወት ለቆየ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ሁላችን» የሚለው ነው። «ከቆየሁ» አላለም። «ከቆየን እኛ የላይ ሠፈሮች» አላለም። ላሸነፈው ሰውም ዕድሜ ለመነለት፤ ያለ እሱ ከርሞ ጨዋታ የለምና። ገናን ከጦርነት የሚለየው ይህ ነው። በጦርነት ባላጋራህ እንዳይመለስ ትመኛለህ፤ በገና ግን ባላጋራህ ካልመጣ ዱላህን ይዘህ ባዶ ሜዳ ላይ ትቆማለህ። ሦስቱ ጽሑፎች በሚያስፈልጓቸው ገጾች ሁሉ ያላገኙትን ሐሳብ አዛውንቱ በሁለት መስመር አስቀመጡልን።

ወጥቶ የነበረው ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተመልሶ ተኛ። በማግስቱ ስለ ማታው ነገር አላነሣም፤ እኛም አላነሣንም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የዚህን ዕትም ቅጂዎች ስንገለብጥ መጥቶ እስክሪብቶ ጠየቀን። የአዛውንቱን ስንኝ በዚህ ቅጂ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሕፈቱ ከሌላው ገጽ የሚለየውም ስለዚህ ነው።

በዚያው ቀን ልጆቻችን በካርቲየ ሰባት ጎዳና ላይ ገና ተጫወቱ። ቆልማማ እንጨት ከየት ይምጣ! የተምር ዝንጣፊ ግንድ ቆርጠው፣ ሩሯን ከጨርቅ ጠቅልለው ነው። የሠፈሩ ልጆችም ገቡበት፤ ሶማልኛውም፣ አፋርኛውም፣ አማርኛውም ተደባለቀ። ከሠፈሩ ልጆች አንዱ «ጨዋታው የሚያልቀው ስንት ሲገባ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ሲመሽ ነው» አልነው። «ታዲያ ማን አሸነፈ ይባላል?» ቢለን፣ «ያን ጊዜ ትከራከራላችሁ፤ ከርሞ ደግሞ ትመጣላችሁ» አልነው። መልሳችን ያረካው አይመስለንም። ወደ ጨዋታው ግን ተመለሰ።

ለሚቀጥለው ዕትም የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በአገራችሁ ገናን፣ ጉግስን፣ ትግልን ወይም የቡሄን ጅራፍ የተሸነፋችሁበትን ቀን ጻፉልን። ያሸነፋችሁበትን ሁላችንም ሰምተናል። የመታችሁን ሰው ፊት ሣሉልን፤ በዚያን ቀን «ተው!» ያለ ሰው ካለ ማን እንደሆነና ምን ብሎ እንደ ጮኸ ንገሩን። «ተው» የሚል ጠፍቶ እንደሆነም ያንኑ ጻፉ፤ ነገር ግን ሊል ይገባው የነበረው ማን እንደሆነ አትርሱ። ወጣቱ ጸሐፊ ታሪኩን እንደገና እንዲሠራ ወስዶታል፤ እስካሁን አላመጣም፤ እንጠብቀዋለን። በዚህ ሂስ የማይስማማ ቢኖር መልሱን በጽሑፍ ይላክልን፤ እንደ ደረሰን እናወጣዋለን። የወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ይጠቀም፤ ወረቀት አልቆብናል።